ነጻዋ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ፦ እናቴን ሦስቴ ወስጄ ያየሁት

መጀመሪያ የመጣች ቀን ልጽፍ አስቤ ነበር። ተውኩት። ነጻ ሕክምና የጫነች መኪና ሰፈር ስትገባ ማንም ይደሰታል፤ በዚያ ደስታ ከጻፍኩ የማመሰግነው መምጣቷን ብቻ ይሆናል። ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን ቁም ነገሩ መመለሷ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ዙር እስኪያልፍ ጠበቅኩ። አሁን የምለው አለኝ።

መኪናዋ ድሮ አውቶብስ ነበረች። ወንበሮቿ ወጥተው ሦስት ቦታ ተከፍላለች። ከፊት ይመዘገባል፣ ግፊትና ክብደት ይለካል። መሃል ላይ ሐኪሙ አለ። ከኋላ መድኃኒት ይሰጣል፣ አነስተኛ ላብራቶሪም አለ። ውጭ ሜዳው ላይ ድንኳን ይተከልና ወንበር ይደረደራል። ገና ሳይነጋ ነው የሄድነው፤ የደረሰን ተራ ግን 47 ነበር።

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ሐኪም ካያት ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ ሁለት መኪና ይያዛል፣ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። "ምን ሆኜ ነው ሆስፒታል የምሄደው?" ትላለች በጠየቅኳት ቁጥር። ራስ ምታት ነበረባት። ማስታገሻ ትውጥና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ግፊቷን የለካቻትን ነርስ አልረሳትም። እማዬ ገና ከመቀመጧ ክንዷን ዘረጋች። ነርሷ ግን መሣሪያውን አላነሳችም። "እናቴ፣ መጀመሪያ ትንሽ ይረፉ" አለቻት። ሰዓቷን እያየች አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደገፈቻት፤ የተቆላለፈ እግሯን አስፈታቻትና መሬት አስረገጠቻት፤ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ በልቧ ትክክል አሳረፈችው። እማዬ ወሬ ስትጀምር "ስለካ አያውሩኝ፣ ስጨርስ ሁሉንም ይነግሩኛል" አለቻት። የክንዷን ውፍረት አይታ ደግሞ የሚጠመጠመውን ጨርቅ በሰፋ ቀየረችው። ጠባብ ከሆነ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ይህን ሁሉ ያደረገችው 46 ሰው አልፎ፣ ውጭ ደግሞ ሌላ ብዙ ሰው እየጠበቀ ነው። ከዚያ በፊት ትልልቅ ቦታዎች ላይ እንኳ ሰው ከደረጃ እያለከለከ ወጥቶ ወዲያው ሲለካ ነው ያየሁት።

178 በ104።

ትንሽ ቆይታ ደገመችው። 174 በ102። መኪናዋ አንድ ቦታ ሁለት ቀን ስለምትቆይ ሐኪሙ በማግስቱ እንድንመለስ ነገረን። ደም ግፊት አለብሽ ለማለት በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በማግስቱም 172 በ100 ሆነ። ያኔ ነው መድኃኒት የተጀመረላት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መረጃ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነሱ 46 በመቶው ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም። እናቴ አንዷ ነበረች። ያለዚያች መኪና ዛሬም አታውቅም ነበር።

መድኃኒቷ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ነው፣ በቀን አንድ። ተቆጥሮ 30 ክኒን ተሰጣት። እማዬ ማንበብ አትችልም። መድኃኒት የሚሰጠው ልጅ ይህን ሲሰማ ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይ ሳለላት። "ይቺ ስትወጣ አንድ" አላት። እኔን ብቻ አስረድቶ ሊሸኘን ይችል ነበር። እሷን ነው ያስረዳት፤ መልሳ እንድትነግረውም ጠየቃት። ነገረችው።

መነጽርም አገኘች። ዓይኗ ተለክቶ የቅርብ ማያ ሰጧት። እዚያው ድንኳን ሥር ተቀምጣ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች። ክር ማስገባት ካቃታት ቆይቷል፤ ሁሌ እኔን ነበር የምትጠራው። ክሩን በከንፈሯ አርሳ ሾል አደረገችውና አንዴ አስገባችው። ከዚያ አውጥታ ደገመችው። ምንም አላለችም። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

እስከዚህ ድረስ ከአምስት አምስት እሰጥ ነበር።

ሁለተኛው ዙር የመጣው በ41ኛው ቀን ነው። ክኒኑ 30 ነበር። 11 ቀን ያለ መድኃኒት ቆየች ማለት ነው። በ28ኛው ቀን ትመጣለች ተብሎ ካርዷ ላይ ተጽፎ ነበር። በዚያ ቀን ሌሊት ተነስተን ሄድን። ሜዳው ባዶ ነው። ከእኛ ሌላ ሠላሳ የሚሆን ሰው ቆሟል። አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው እስከ ረፋድ ጠበቁ። ማንም መጥቶ የነገረን የለም። ስልክ ቁጥራችንን ስንመዘገብ ወስደዋል፤ አልደወሉም፣ መልእክትም አልላኩም። ኋላ እንደሰማነው መኪናዋ ተበላሽታ ነው። መኪና ይበላሻል፣ ይገባኛል። ዝምታው ግን አይገባኝም። በተመለሱ ቀን እማዬ 170 በ98 ላይ ነበረች። የተለፋበት ሁሉ ወደነበረበት ተመለሰ። የከፋው ደግሞ እሷ የወሰደችው ትርጉም ነው። "ከቀረም ቀረ፣ ያን ያህል አስፈላጊ ቢሆን ይመጡ ነበር" አለችኝ።

ወረፋ ስጠብቅ ስለ ሌሎች ተንቀሳቃሽ ሕክምናዎች በስልኬ አነብ ነበር። ስታን ብሮክ የሚባል እንግሊዛዊ የዛሬዋ ጋያና ውስጥ ከብት ጠባቂ ሳለ ፈረስ ጎዳው። የቅርቡ ሐኪም የት ነው ሲል 26 ቀን በእግር ያስኬዳል ተባለ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ሪሞት ኤሪያ ሜዲካል የተባለውን ነጻ ሕክምና የሚሰጥ ድርጅት መሠረተ። ሩቅ አገር ላይ ተጀምሮ በኋላ ድርጅቱ በተመሠረተባት አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሰለፍለት ሆነ። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ላይፍላይን ኤክስፕረስ የሚባል የሆስፒታል ባቡር አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፌሎፌፓ የተባለው የጤና ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ጣቢያ ለጣቢያ ይዞራል። ሁሉም ያስቀናል። ሳነብ ግን አንድ ነገር ገባኝ። የዓይን ሞራ አንዴ ይገፈፋል፣ ያልቃል። ጥርስ አንዴ ይነቀላል። መነጽርም እንደዚያው። ባቡሩ ዓመት ቢቆይ እንኳ የሰጠው ነገር ከሰውየው ጋር ይኖራል። ግፊትና ስኳር እንደዚያ አይደሉም። በየወሩ መድኃኒት ይፈልጋሉ፣ በየጊዜው መለካት ይፈልጋሉ። የእኛዋ መኪና ሁለቱንም ዓይነት በሽታ በአንድ ዓይነት አሠራር ነው የያዘችው። የእናቴ መነጽር እስካሁን ይሠራል፤ ክኒኗ ግን በ30 ቀን አለቀ።

ይህን ለሐኪሙ ነገርኩት። ተቆጥቼ ነበር፣ አልደብቅም። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "ልክ ነሽ፣ ለግፊት በሽተኞች ትርፍ መስጠት ነበረብን" አለ። ሰበብ አልፈለገም።

ሦስተኛው ዙር በ29ኛው ቀን መጣ። ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የእማዬ ግፊት 138 በ86 ወርዶ ነበር። በመሃል ቁርጭምጭሚቷ አበጥ ብሎባት መድኃኒቱን ልታቆም ምንም አልቀራትም፤ ሐኪሙ አየላትና አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ይህን እንደሚያመጣ፣ ሳትጠይቀው እንዳታቋርጥ ነገራት። በዚህኛው ዙር 60 ክኒን ነው የሰጧት። መኪናዋ አንድ ዙር ብትዘገይ እንኳ ይደርሳል። ይህ ለውጥ ለእኔ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት ይበልጣል።

ያልተስተካከለም አለ። መጋረጃዋ ስስ ናት። ሐኪሙ ጆሯቸው ለደከመ ሰው ጮክ ብሎ ሲያወራ ድንኳን ሥር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይሰማል። አንዲት ልጅ እግር ሴት ተራዋ ደርሶ ሳለ ትታው ስትሄድ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ ግን እገምታለሁ። ጎረቤት ፊት የማይነገር ሕመም አለ። ሬዲዮ እንኳ ከፍ አድርጎ መክፈት ይረዳ ነበር። የመኪናዋ ደረጃም ከፍ ያለ ነው። በዊልቸር የመጣ ሰው ሲኖር ነርሷ ራሷ ወርዳ ትለካለች፤ ተባረኪ እላታለሁ፣ ግን መወጣጫ ጣውላ ይበጅለት።

ትልቁ ክፍተት ሪፈር ላይ ነው። መኪናዋ ውስጥ የማይሠራ ነገር ሲኖር ወረቀት ይጻፋል፣ ወደ ሆስፒታል ሂድ ይባላል። ሆስፒታሉ ግን ያው የድሮው ሩቅ ሆስፒታል ነው። አንድ ጎረቤታችን የዓይን ሞራ እንዳለባቸው በመጀመሪያው ዙር ተነገራቸው፣ ሪፈርም ተጻፈላቸው። በሦስተኛው ዙር ያችኑ ወረቀት አራት ቦታ ታጥፋ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው አሳዩኝ። የሚወስዳቸው ሰው የለም። ነጻው ሕክምና መኪናዋ በር ላይ ሲያልቅ እንዲህ ይሆናል። ለሪፈር በሽተኞች በወር አንድ ቀን እንኳ የጋራ መጓጓዣ ቢዘጋጅ የብዙ ሰው ዓይን ይተርፋል። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ፣ ደግሜም እነግራቸዋለሁ።

ከአምስት አራት ሰጥቻታለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለእነዚያ 11 ቀናትና ለጎረቤታችን ወረቀት ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ፦ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለቀውንም ባዶ ማሸጊያ ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ስሙን ከሚገምት ቢያየው ይሻላል። ጠዋት ስኳር የምትለኩ ከሆነ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምግብ ሳትቀምሱ፣ ውኃ ግን ጠጥታችሁ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ከመጾማችሁ በፊት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ግፊት ለመለካት ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ቡናም ሲጋራም ይቅር፤ ሽንት ቤትም ቀድማችሁ ግቡ። ስልካችሁን በትክክል አስመዝግቡ፤ ቁጥር ከቀየራችሁ ንገሯቸው። ስትወጡም ክኒኑን እዚያው ቁጠሩና ካርዱ ላይ ካለው ቀጠሮ ጋር አስተያዩት። ካልደረሰ ከመኪናዋ ሳትወርዱ ጠይቁ፤ እኛ በሦስተኛው ዙር እንደዚያ አድርገናል።