የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል፦ ቢሮው ጥሩ ነው፣ ችግሩ ከበሩ ነው

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤቴን ይዤ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከአያት አልፎ ወደሚገኝ አንድ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ሄጄ ነበር። የጣቢያውን ስም አልጠቅስም። ይህን በእሷ ፈቃድ የምጽፈው ከእኛ በኋላ የምትሄድ ሴት ምን እንደሚጠብቃት አስቀድማ እንድታውቅ ነው።

ተረኛው ፖሊስ የመጣንበትን ጉዳይ የጠየቀን ግቢው መካከል፣ መታወቂያ ጠፋብን ብለው የተሰለፉ ሰዎች እየሰሙ ነው። ጎረቤቴ የግራ ዓይኗ ሥር በልዞ ስለነበር ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ስባ ቆማለች። «ባለቤቴ መትቶኝ ነው» ስትለው በመጀመሪያ የጠየቃት «ምን አድርገሽው ነው?» ብሎ ነው። በንግግሩ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ለስለስ ብሎ እንደ ተራ ነገር መጠየቁ ነው ይበልጥ ያሳዘነኝ። ከተሰለፉት አንዲት እናትም ቀበል አድርገው «ልጄ፣ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም፤ ሽማግሌ ብትልኪ አይሻልም?» አሏት። ፊቷን ወደ ውጭው በር ስታዞር ክንዷን ያዝኩ።

ያን ጊዜ ተመልሳ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትም እንደሚያስቀጣ በግልጽ ደንግጓል። ሆኖም አንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳትን በመሠረቱ በአቤቱታ፣ ማለትም ተጎጂዋ ራሷ ስታመለክት የሚያስቀጣ ስላደረገው፣ ከበር ላይ «ታረቂ» ተብላ የተመለሰች ሴት ጉዳይ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል። ሕጉ የቱንም ያህል ቢሻሻል መጀመሪያ የሚያገኛት የሰው አመለካከት ነው።

እኚያን እናት ለብቻቸው መውቀስ አልችልም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ምግብ ማሳረርን፣ ሳይናገሩ መውጣትን ወይም ከባል ጋር መከራከርን ከመሳሰሉ አምስት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት 63 በመቶ ሴቶችና 28 በመቶ ወንዶች ነበሩ። አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል እርዳታ የፈለጉት ደግሞ 23 በመቶ ብቻ ናቸው። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለውን ተረት እየሰማን ነው ያደግነው። በእኛ ኮንዶሚኒየም የብሎኬት ግድግዳው ድምፅ አይሸፍንም፤ እኔም ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ጩኸቷን ስሰማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደርግ ነበር።

ከውስጥ ያገኘነው ግን ሌላ ነው። መርማሪዋ ሳጅን በሩን ዘግታ፣ ወንበር ስባ፣ «እህቴ፣ ከየት መጀመር እንደሚቀልሽ ከዚያ ጀምሪ» አለቻት። ምን እንዳጠፋች አልጠየቀቻትም፤ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደመታት፣ በምን እንደመታትና ዛሬ ማታ የት እንደምታድር ግን ጠየቀቻት። ቃሏን ጽፋ ስትጨርስ ቀስ ብላ አነበበችላት፤ አንድ ቦታ ላይ «ገፋኝ» የሚል ተጽፎ ስለነበር ጎረቤቴ «አልገፋኝም፣ በጫማው ነው የመታኝ» ብላ አሳረመች። ከዚያ በኋላ ወገቧን ቀና አድርጋ ተቀመጠች። ለሕክምና ማስረጃ ወደ ሆስፒታል የሚወሰደው ደብዳቤም በዚያው ሰዓት ተጻፈልን።

ጉድለቱም አለ። ክፍሉ ለሁለት መርማሪዎች የጋራ በመሆኑ ቃሏን እየሰጠች ሰው ሁለት ጊዜ ገባ። ልጆች የሚቆዩበት ቦታ ስለሌለ የአራት ዓመት ልጇ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰማ፤ ሳጅኗ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው፣ እሱ ግን እስክሪብቶውን እንደጨበጠ የእናቱን አፍ አፍ ያይ ነበር። መርማሪዋ ለሌላ ሥራ በመላኳም ሁለት ቀን «ነገ ኑ» ተብለን ተመልሰናል።

ለክፍሉ ከአምስት አራት፣ ለበሩ ከአምስት አንድ እሰጣለሁ። የምትሄዱ እህቶች ብቻችሁን አትሂዱ፤ በር ላይ የክፍሉን ስም ብቻ ተናግራችሁ እለፉ፤ የበለዘው ሳይጠፋ በዚያው ቀን ታከሙ፤ የመዝገብ ቁጥራችሁንም ጠይቃችሁ ያዙ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላት የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በሩ ላይ ሴት ፖሊስ እንድትመደብና ጉዳይ በሰው ፊት መጠየቁ እንዲቀር በጣቢያው የአስተያየት መዝገብ ላይ ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ ጎረቤቴም ከሥሬ ፈርማለች።