ባለ ሆንዳ ጂኤክስ 160 ኮምፓክተር፦ ከሦስት ዓመት የኮብልስቶን ሥራ በኋላ

ይህን የምጽፈው ኮምፓክተር፣ ማለትም አፈርና ድንጋይ በንዝረት የሚጠቀጥቅ ማሽን፣ ሊገዛ ላሰበ ሰው ነው። በተለይ እንደ እኛ በማህበር ተደራጅቶ ኮብልስቶን ለሚያነጥፍ፣ ወይም የቱቦና የመሠረት ሥራ ለሚይዝ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ማህበር ፎርማን ነኝ። ድንጋይ በመጥረብ ጀመርኩ። ቀጥሎ ማንጠፍ ለመድኩ። አሁን ሰዉንም ማሽኑንም የማሰማራው እኔ ነኝ።

የገዛነው 90 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፕሌት ኮምፓክተር ነው። ከታች ወፍራም የብረት ሳህን አለው። ከላይ የሆንዳ ጂኤክስ 160 ሞተር ተቀምጧል። ሞተሩ በፍሪሲዮን (ክላች) እና በቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነዛሪውን ክፍል ያዞራል። ዋጋውን አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር አይሠራም።

ሞተሩን ወድጄዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአቧራና በድንጋይ መሀል ሠርቷል፣ አሁንም በሁለተኛው ስቦ ይነሳል። ግን እንዲህ እስኪሆን ድረስ ብዙ ከፍለናል። አንድ ሞተር ገድለናል። አንድ ልጅ ለጥቂት ተርፎልናል። ሁለቱም የሆኑት ማንም ቁጭ አድርጎ ስላላስተማረን ነው።

መጀመሪያ የገዛነው ሞተር ሆንዳ አልነበረም። ሆንዳ ብለው ነው የሸጡልን። ቀይና ነጩ ቀለም፣ ስቲከሩ፣ የቤንዚን ታንኩ ቅርጽ፣ ቁርጥ እሱን። መርካቶ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ነው የወሰድነው፣ ስሙን አላነሳም። በኋላ ላይ ሞተሩን የፈታልን መካኒክ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ «ልጄ፣ ይሄ 168ኤፍ ነው» አለኝ። 168ኤፍ የሚባለው የቻይና ሞተር በዚሁ በሆንዳው ልክ የተሠራ ነው። በራሱ ስም፣ በራሱ ዋጋ ሲሸጥ ምንም አይደል፤ ለቀላል ሥራ የሚበቃው ሰው አለ። በሆንዳ ዋጋ ሲሸጥልህ ግን ሌብነት ነው። አሁን ስንገዛ ስቲከር አናይም። የሞዴሉና የሞተሩ ቁጥር ብሎኩ ላይ ተቀርጾ እንደሆነ እናያለን። መካኒክም ይዘን እንሄዳለን። ለአንድ ቀን ውሎው መክፈል ሞተር ከመቀየር ይረክሳል።

ለዚያ ሞተር መሞት ግን ሻጩን ብቻ አልወቅስም። የገደልነው እኛው ነን። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልናገር፣ ምክንያቱም ይህ ስህተት በየሳይቱ ሲደገም አያለሁ።

ማሽኑ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበት አነሰው። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል። አንድ ልጅ «ታፍኖ ነው፣ ፊልትሮውን አውጡለት» አለ፤ የአየር ማጣሪያውን ማለቱ ነው። አወጣነው። እውነትም ትንሽ ተሻለው። ተደሰትን። በአራተኛው ወር ሞተሩ ዘይት መብላት ጀመረ። በስድስተኛው ወር ሲፈታ ሲሊንደሩ ተፍቆ፣ የፒስተኑ ፋሻዎች (ቀለበቶቹ) አልቀው ተገኙ። የድንጋይ አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ውስጥ ገብቶ ሞልጮታል።

ችግሩ ከመጀመሪያውም ፊልትሮው አልነበረም። አዲስ አበባ ነበረች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራቶሬ ደግሞ የተስተካከለው ለቆላ አየር ነው። ስለዚህ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ጥቁሩ ጭስም፣ የጠቆረው ካንዴላም ከዚያ ነው የመጣው። የሆንዳ መመሪያ ይህን በግልጽ ጽፎታል። ከ1,500 ሜትር በላይ ሁልጊዜ የሚሠራ ሞተር ካርቡራቶሬው ለደጋ እንዲስተካከል ይላል። በምትኩ በገዛነው እውነተኛ ሆንዳ ላይ መካኒኩ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጄት ቀዳዳው ጠበብ ባለ ቀየረው፣ የሥራ ፈት ዙሩንም (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበትን) አስተካከለ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት መቼም አልረሳውም። ለግማሽ ሰዓት ሥራ ሞተር ቀብረናል።

ከተስተካከለ በኋላም ቢሆን ሙሉ ጉልበት አትጠብቁ። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሞተሩ ጉልበት 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቆላ ላይ 4.8 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ጂኤክስ 160 አዲስ አበባ ላይ ሦስት ተኩል አካባቢ ነው የሚሰጣችሁ። ይህን ሳያውቁ ማሽኑን «ደካማ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ አሸዋውንና ገረጋንቲውን አሳንሰን፣ በአንድ ጊዜ ከ15 ሳንቲ ሜትር ሳናሳልፍ ነው የምንጠቀጥቀው። ያኔ በደንብ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለደጋ የተስተካከለን ሞተር ጭናችሁ መተሐራ ወይም አዋሽ ብትወርዱ የቆላውን ጄት መልሱለት። እዚያ አየሩ ይበዛና ቤንዚኑ ያንሳል። ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ይነድዳል። እኛ የወጣውን ጄት በትንሽ ፌስታል ጠቅልለን ከመፍቻዎቹ ጋር አስቀምጠነዋል።

አሁን ፊልትሮው የእኔ ኃላፊነት ነው። ማታ ማታ ይወጣል። ስፖንጁ በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ንጹሕ ዘይት ተነክሮ ይጨመቃል። የወረቀቱ ክፍል ግን ውሃ አይነካውም። ቀስ ተብሎ መታ መታ ይደረጋል፣ ካልጠራ ይቀየራል። ሁለት ስፖንጅ ይኑራችሁ፤ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው ይሠራል።

ዘይቱን በተመለከተ። ይህ ሞተር የሚይዘው 0.58 ሊትር ብቻ ነው። ከትንሿ የውሃ ጠርሙስ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ትንሽ ጎደለ ማለት ብዙ ጎደለ ማለት ነው። አዲስ ሞተር ከካርቶን ሲወጣ ደግሞ ምንም ዘይት የለውም። ይህን ሳያውቅ አስነስቶ በአሥር ደቂቃ ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ጠዋት ማሽኑ ሜዳ ቦታ ይቆማል። የዘይት መለኪያው ወጥቶ ይጠረጋል። ከዚያ ሳይጠመዘዝ ገብቶ ይታያል። ብዙ ሰው አጥብቆ ጠምዝዞ ነው የሚለካው፣ ሲሳሳትም ይውላል። የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ ይቀየራል። ከዚያ በየ100 ሰዓቱ። በቀን ስድስት ሰዓት ብንሠራ 17 ቀን ነው። እኔ በደብተር እይዛለሁ። ማሽኑ ላይም በእርሳስ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ማንም እንዲያየው።

አንዳንዱ ሞዴል ዘይት ሲጎድል ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ አለው። ስትገዙ ይህ ያለውን ጠይቁ። ሲጠፋባችሁ ግን ገመድ መጎተቱን ትታችሁ መጀመሪያ ዘይቱን እዩ።

አሁን ለመጻፍ የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ።

የምድር ቤት ግድግዳ ጀርባ አፈር እየመለስን ነበር። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ዝናብ መጣ። ሥራው እንዳይቆም ልጆቹ ከላይ ሸራ ወጠሩ። ኮምፓክተሩ ከታች ይሠራል። ማሽኑን የያዘው ልጅ 22 ዓመቱ ነው። ከምሳ በፊት «እትዬ፣ ራሴን አመመኝ» አለኝ። ረሃብ መሰለኝ። «ትንሽ ነው የቀረን፣ ጨርስና እንበላለን» አልኩት። ያን ቃል መልሼ ብውጠው እወዳለሁ። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ ከዳውና ግድግዳው ላይ ተደግፎ ተንሸራተተ። ማሽኑ ብቻውን እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ሊያወጣው የወረደው ልጅም አዞረኝ እያለ ነው የወጣው። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ሰጡት። ተረፈ።

ሁላችንም ከሰል እንደሚያፍን እናውቃለን። በክረምት በር ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ስላልነቁ ሰዎች ያልሰማ የለም። የቤንዚን ሞተር የሚያወጣውም ያንኑ ጋዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። የጭሱ ሽታ ስለሌለ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ከዚያ መውደቅ። ቤት ውስጥ ብቻ መስሎን ነበር። ለካ ጠባብ ጉድጓድም ቤት ነው፣ ሸራ ሲጨመርበት ደግሞ ጣሪያ ያለው ቤት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በምድር ቤት፣ በሴፕቲክ ጉድጓድና በተሸፈነ ቦታ ይህ ማሽን አይገባም። በእጅ መጠቅጠቂያ ነው የምንሠራው። ቀርፋፋ ነው። አሠሪዎች ይቆጣሉ። ይቆጡ። ክፍት በሆነ ቦይ ውስጥም ቢሆን በየ15 ደቂቃው ሰው ይቀያየራል፣ ከላይ የሚያይ ሰው ይቆማል። ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ወዲያው ይወጣል፣ አይጠየቅም። ንዝረቱ የቦዩን ግድግዳ ሊንድ ስለሚችልም የተቆፈረው አፈር ከአፋፉ ራቅ ተደርጎ ይከመራል።

ጫማ ላይም አጥባቂ ሆኛለሁ። ብዙ ልጆች በኮንጎ ጫማ ነው የሚመጡት። 90 ኪሎ ብረት እየዘለለ ሲመጣ ኮንጎ ምን ያድናል? ጫፉ ብረት ያለው ጫማ ሳያደርግ እጀታውን የሚይዝ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደህንነት መሣሪያ የማቅረብ ግዴታውን የጣለው አሠሪው ላይ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ አይቆረጥም። ለጆሮም ጥጥ ሳይሆን ደህና መሸፈኛ ግዙ። ቁልቁለት ላይ ስትሠሩ ከማሽኑ በታች አትቁሙ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያሉት መንገዶች ይህን አስተምረውናል። ከ20 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ደግሞ ዘይቱ አንድ ጎን ይከማችና ሞተሩ ደረቁን ይሠራል።

ቤንዚን። ታንኩ 3.1 ሊትር ነው የሚይዘው። ሥራ ሲጦፍ ሞተሩ ሳይበርድ እላዩ ላይ መቅዳት ይመጣል። አይሆንም። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ እንደጋለ ነው፣ አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች። እኛ የቤንዚኑን ሰዓት ከሻይ ሰዓት ጋር አገናኘነው። ሻይ ተጠጥቶ ሲያልቅ ሞተሩ በርዷል። በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ማስቀመጥም ከልክያለሁ። ፀሐይ ላይ የዋለ የተጠማ ሰው ውሃ መስሎት ያነሳዋል። ማሽኑ ሲጫን የቤንዚን ቁልፉ ይዘጋል፤ ካልተዘጋ በመንገጫገጭ ቤንዚኑ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ታንኩንም ካርቡራቶሬውንም አድርቁ። አንድ ዓመት ሳናደርቅ ትተን፣ መስከረም ላይ ካርቡራቶሬው ውስጥ ሙጫ የመሰለ ነገር ቆይቶ ጠበቀን።

ሞተሩን እንዲህ ካመሰገንኩ፣ የማሽኑ አካል ግን እኩል አይደለም። ሞተሩን ከንዝረት የሚከላከሉት አራቱ ጎማዎች በዓመቱ ተሰነጠቁ። ብሎኖቹ ይላላሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ ዳዶ የጠፋበት ጊዜ አለ። አሁን በየጠዋቱ በቁልፍ ይጠበቃሉ። የቺንጋው መሸፈኛ ቀጭን ቆርቆሮ ስለሆነ ተጣመመ፣ ልጆቹም አውጥተው ሊጥሉት ነበር። አስበየድኩት። ያ መሸፈኛ ከሌለ ጣት ወይም ነጠላ ይዞ ይገባል። ቺንጋ ሲቀየርም ሞተሩ መጥፋቱ ብቻ አይበቃም፣ የካንዴላው ኮፍያ ይነቀል። ሌላው፣ ግማሽ ጋዝ እየሰጡ መሥራት ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። ወይ ሥራ ፈት ላይ ይቁም፣ ወይ ሙሉ ጋዝ ይሰጠው፣ መሀል የለም።

ከማሽኑ ጋር ሳይሰጡን የቀረው የሳህኑ የጎማ ምንጣፍ ነው። ኮብልስቶን ላይ ያለ እሱ ከሄዳችሁ የድንጋዩ ጠርዝ ይሸረፋል። እኛ ወፍራም ጎማ አስቆርጠን በብሎን አሰርንለት፣ ይሠራል። በየሁለት ወሩ ግን ይበላል።

በዚህ ዓመት ሁለተኛ ማሽን ልንገዛ ነው። ሞተሩ ያው ጂኤክስ 160 ይሆናል፣ የዘይት መከላከያ ያለው። አካሉን ሌላ እንፈልጋለን። ሻጩን የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄም አዘጋጅቻለሁ፦ የደጋውን ጄት ትቀይርልኛለህ ወይ? ጥያቄው ካልገባው ወደ ሚቀጥለው ሱቅ እሄዳለሁ።