የቫን ጎግ የሱፍ አበቦች በእጅ ሲገለበጡ፦ አክሪሊክ ወይስ የዘይት ቀለም?

በደብረ ብርሃን ቤቴ የሆላንዳዊው ሠዓሊ የቫን ጎግ «የሱፍ አበቦች» ሥዕል ሁለት የእጅ ቅጂዎች አሉ። በአክሪሊክ የተሳለውን በመጀመሪያ ገዛሁ፤ በዘይት ቀለም የተሳለው ከዓመት በኋላ መጣ። ዘይቱ ሳሎን ተሰቅሏል። አክሪሊኩ ስንጥቁን ይዞ መኝታ ክፍል በር ጀርባ ተቀምጧል። ታሪኩን ስትሰሙ አክሪሊክ መጥፎ ነው እንዳትሉ፤ ጥፋቱ በከፊል የኔ ነው።

በመጀመሪያ ግን «የሱፍ አበቦቹን ሣልልኝ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 ደቡብ ፈረንሳይ አርል ከተማ ሆኖ ይህን ጉዳይ ደጋግሞ ሥሏል፤ ሐሳቡ ሊጎበኘው ለሚመጣው ወዳጁ ለሠዓሊው ጎጋን ክፍሉን ማስጌጥ ነበር። ለንደን ያለው ሥዕል ቢጫ በቢጫ ላይ ሆኖ 15 አበባ አለው። ሙኒክ ያለው ጀርባው ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። አምስተርዳም ያለውን ደግሞ በ1889 ጥር የለንደኑን ራሱ መልሶ ገልብጦ ነው የሠራው። ስለዚህ ቅጂ ማሠራት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ባለቤቱም አድርጎታል። ግድግዳችሁ ክሬም ወይም ቢጫ ከሆነ የለንደኑ ይዋጥበታል፣ የሙኒኩ ግን ይወጣል።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። የለንደኑ ሥዕል 92 በ73 ሴንቲሜትር ነው። በየሱቁ ተወጥሮ የሚሸጠው 60 በ90 ሸራ ከዚህ ይልቅ ጠባብና ረጅም ስለሆነ፣ ሠዓሊው ወይ ከዳርና ከዳር አበባ ይቆርጣል ወይ ማሰሮውን ያቀጥነዋል። 40 በ50 ወይም 60 በ75 አሠሩ፤ ቅርጹ ሳይዛባ ይገባል።

አሁን ወደ ቀለሙ። አክሪሊክ ፕላስቲክ በውኃ ተበጥብጦ ማለት ነው፤ ውኃው ሲተን ይደርቃል፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን። ርካሽ ነው፣ አይሸትም፣ በሳምንት ይደርሳል። ችግሩ ብርድ አይወድም። የኔው ታኅሣሥ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጠቅልሎ በሚኒባስ መጣ፤ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ብዬ ጠባብ ቱቦ ውስጥ አስገባሁት። ማታ በረንዳ ላይ ረሳሁት። በማግስቱ ማለዳ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ገና ሳይቀልጥ፣ ቸኩዬ ዘረጋሁት። ቀለሙ እጅግ የወፈረበት የደረቁት የአበባ ራሶች ላይ ነበር፤ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ ቀጭ ብሎ ሲሰነጠቅ በጆሮዬ ሰማሁ። አክሪሊክ ቅዝቃዜ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይደርቅና ይሰበራል። ሰፊ ቱቦ መርጦ ቀለሙን ወደ ውጭ አድርጎ መጠቅለል፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን አሙቆ መዘርጋት ነበረብኝ።

የዘይት ቀለም ሌላ ጠባይ አለው። ቀለሙን የሚይዘው ዘይት በብዛት የተልባ ነው፤ ያው እዚህ ደጋው ላይ የምንዘራው ተልባ። እንደ ውኃ አይተንም፤ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይጠነክራል፣ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። ስስ ቀለም በጥቂት ቀናት ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ የሱፍ አበቦቹ ግን በወፍራም ቀለም ካልተሳሉ የሱፍ አበባ አይሆኑም፣ ወፍራሙ ውስጡ እስኪጠና ወራት ይፈጃል። በብርድ ደግሞ ይዘገያል። ለዚህ ነው «በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ» የሚል የዘይት ቀለም ሻጭ የሚያጠራጥረኝ። የኔን ወዲያው ፍሬም ውስጥ ባስገባው ኖሮ የጣት አሻራ እና የዕጣን ጥቀርሻ ይዞ ይቀር ነበር። የመጨረሻው ቫርኒሽ ከስድስት ወር በኋላ ቢቀባ ይመረጣል።

ልዩነቱን በዐይን ያሳየችኝ አንዲት ምሽት ናት። መብራት ጠፍቶ ሻማ ስናበራ ብርሃኑ ከጎን መጣና በዘይት የተሳለው እያንዳንዱ ቅጠል ጥላ ጣለ። አክሪሊኩን ጎኑ አቆምኩት፤ የሠራው ሰው ቅጠሎቹ ላይ ቀለሙን ስለቆጠበ ዝም አለ። ከአጣዬ አካባቢ የመጡት አማቴ ደግሞ የዘይቱን አይተው፣ «ይህማ የደረሰ ሱፍ ነው፤ ሳይታጨድ ለምን ማሰሮ ውስጥ ከተታችሁት?» አሉ። ልክ ናቸው። በዋናው ሥዕል ላይ ያሉት አበቦች ሁሉም ትኩስ አይደሉም፤ ፈክተው ያሉ አሉ፣ ቅጠላቸው ረግፎ ዘር የያዙ አሉ። ሁሉንም እንደ አደይ አበባ አሳምሮ የሣለ ሠዓሊ ሥዕሉን አላየውም።

ቢጫው ራሱ ሊጠየቅ ይገባል። ቫን ጎግ የተጠቀመበት ክሮም ቢጫ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቡናማ ይጠቁራል፤ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ያለው እርሱ በ1888 ያየው አይደለም። ጥሩ ሠዓሊ ዛሬ የሚጠቀመው ካድሚየም ቢጫ ብርሃንን በደንብ ይችላል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በየትኛውም ቀለም ቢሠራ ከመስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት። የዘይቱን ደግሞ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ አትቅበሩት፤ ተልባው ብርሃን ሲያጣ ይበልጥ ይቢጫል።

አንድ የማልመክረው አለ፤ በማሽን ታትሞ ላዩ ላይ ግልጽ ጄል የተቀባበት «የእጅ ሥራ»። ስልካችሁን አብርታችሁ ከጎን እዩት። የብሩሹ ሰንበር የቅጠሉን ቅርጽ ሳይከተል በቀጥታ ካቋረጠው፣ ወይም በካሜራ አቅርባችሁ ስታዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ ህትመት ነው። ህትመት መግዛት ይቻላል፣ በህትመት ዋጋ።

እንግዲህ፣ ለቡና ቤት ወይም ለሆቴል ኮሪደር፣ ሰው በሚገፋውና ቶሎ በሚለወጥበት ቦታ፣ አክሪሊክ ይሻላል፤ በፍሬም ተወጥሮ ይምጣ እንጂ። ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ግን ቆላው ሙቀት አክሪሊኩን ስለሚያለሰልሰው አቧራ ይይዛል፤ እዚያም ቢሆን የዘይቱን እመርጣለሁ። ለቤት ሳሎን ያለ ማመንታት የዘይት ቀለም፣ ትንሽ መጠን ቢሆንም እንኳ። ለትንሣኤ ስጦታ ከፈለጋችሁት በጥቅምት እዘዙ፤ ሠዓሊው ሲጨርስ ከጎኑ በብርሃን ያነሣውን ፎቶ ይላክላችሁ።