ሲሲሊያን ወይስ በርሊን?

በቼዝ ጨዋታ መክፈቻ ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4 (ወደ ሰሌዳው መሀል) ሲገፋ ጥቁር ምን ይመልስ? በትልልቅ የቼዝ ውድድሮች ከሚታዩት መልሶች ሁለቱ፣ ሲሲሊያንና በርሊን የሚባሉት መከላከያዎች፣ ጠባያቸው ጨርሶ አይገናኝም።

ሲሲሊያን በሲ5 ይጀምራል። ጥቁር ብዙውን ጊዜ የሲ ወታደሩን ሰጥቶ የነጭን የመሀል ወታደር ይወስዳል። ሚዛኑ ከጅምሩ ይዛባል። ነጭ በንጉሡ በኩል ያጠቃል፣ ጥቁር በንግሥቲቱ በኩል ይሮጣል። ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ! የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ካስፓሮቭ ለዓመታት የናይዶርፍን መስመር (የሲሲሊያን አንድ ቅርንጫፍ) ይዞ በዚህ መንገድ ብዙ ድል አግኝቷል። ጣጣው ጥናቱ ነው፤ መስመሩ ብዙ፣ ስህተቱ ውድ።

በርሊን ሌላ ዓለም ነው፤ የሚመጣው ጥቁር በኢ5 ሲመልስ ነው። በዋናው መስመር ንግሥቶቹ በ8ኛው እንቅስቃሴ ከሰሌዳው ይወጣሉ። ጥቁሩ ንጉሥ ካስል የማድረግ (በአንድ እንቅስቃሴ ወደ ዳር ሄዶ የመጠለል) መብቱን ያጣል፤ ግን የሚያሳድደው የለም። ሩሲያዊው ክራምኒክ እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ከካስፓሮቭ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጫወት ይህን ግንብ አቆመ። ካስፓሮቭ 4 ጊዜ ገጠመው፤ 4ቱም በአቻ አለቁ። ዘውዱም ከካስፓሮቭ ወደ ክራምኒክ ሄደ።

በመጨረሻው ዙር አቻ ከበቃ፣ ያለ ጥርጥር በርሊን። በጥቁር የግድ ማሸነፍ ካለብን ግን እኔ ሲሲሊያንን እመርጣለሁ፣ ልብ ቢያስደነግጥም። ደግሞ በበርሊን ነጭ ዲ3 ገፍቶ ንግሥቶቹን ሰሌዳው ላይ ማቆየት ይችላል።