በጣና ዳር «የጃንሆይ የንግሥ ቴምብር» ለሚቀርብላችሁ ሁሉ

ባሕር ዳር ለምትኖሩም፣ ለበዓልና ለእረፍት ለምትመጡም እጽፋለሁ። የዘጌ ጀልባዎች በሚነሡበት አካባቢ «የጃንሆይ የንግሥ በዓል ቴምብር» የተለጠፈበት አሮጌ ፖስታ ይዘው የሚያዞሩ ሽማግሌ ካጋጠሟችሁ አትግዙ። እኔ በ14,500 ብር ገዝቻለሁ። ለዚያውም 20 ሺህ ተብዬ ተከራክሬ ያወረድኩት ነው፤ እስከ ማታ ድረስ በዚህ ስኮራ ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ከውጭ አገር መጥቶ ሊመለስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የደንገል ታንኳ ቅርጽ፣ ቆዳ ላይ የተሳለ ሥዕል በየጊዜው ሰጥተነው የሳሎኑ ግድግዳ ሞልቷል። ሌላ ነገር ፍለጋ በሐይቁ ዳር ስዞር፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰው ጠጋ አሉና «ጌታዬ፣ ለማንም የማላሳየው ነገር አለኝ» አሉኝ። ፖስታውን ያወጡት ከዳዊት ማኅደር ውስጥ ነው። ከዳዊት ማኅደር የሚወጣ ነገር ሐሰት ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ካለ፣ እኔ አይደለሁም። አያታቸው በንግሡ ዕለት አዲስ አበባ እንደነበሩና ደብዳቤውን ከዚያው ወደ ቤታቸው እንደላኩት አጫወቱኝ። ሰባቱም ቴምብሮች በአንድ ፖስታ ላይ ተደርድረዋል።

ያጫወቱኝ የመንግሥት ታሪክ በሙሉ እውነት ነው፤ ያታለለኝም እሱ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ዐረፉ። ንጉሥ ተፈሪ መኮንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ። መጀመሪያ የንግሥቲቱና የተፈሪ ምስል ባለባቸው የቀድሞ ቴምብሮች ላይ አዲሱ ማዕረግ ታተመባቸው። ከዚያ ለዘውድ በዓሉ መታሰቢያ ራሱን የቻለ ሰባት ቴምብር ወጣ፦ ባለ 1፣ 2፣ 4 እና 8 ገርሽ፣ ከዚያም ባለ 1፣ 3 እና 5 ብር። ይህን ቤቴ ገብቼ ሳጣራ ሽማግሌው አንዲት ቃል አልሳቱም። አያታቸውን ብቻ ነው የጨመሩበት።

ሃያ ስድስት ዓመት በሒሳብ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሁለት መቶ ብር ደረሰኝ እንኳ ማኅተሙ ደብዝዟል ብዬ እመልሳለሁ። ባለቤቴ ፖስታውን አገላብጣ አየችና የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደረሰኝ ሰጡህ?» መልስ ስላልነበረኝ ወረቀት አውጥቼ መደመር ጀመርኩ። በዚያ ዘመን 16 ገርሽ አንድ ብር ነበር። ሰባቱ ሲደመሩ 9 ብር ከ15 ገርሽ ይሆናሉ። አሥር ሊሞላ አንዲት ገርሽ የጎደለው የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ለአንዲት የቤተሰብ ደብዳቤ! ቴምብር ሰብሳቢ ካልሆነ በቀር ይህን የሚያደርግ ሰው የለም፤ የሽማግሌው አያት ደግሞ፣ እንደነገሩኝ፣ የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ።

በማግሥቱ ፖስታውን ከልጅነቱ ጀምሮ ቴምብር ወደሚሰበስብ የሥራ ባልደረባዬ ወሰድኩት። መስኮት አጠገብ ተቀምጦ አጉሊ መነጽሩን አወጣ። ብዙም አልቆየ።

መጀመሪያ ያሳየኝ ቀለሙን ነው። የዚህ መታሰቢያ ቴምብር ዳግመኛ የታተመ ዓይነት እንዳለ ሰብሳቢዎች ድሮም ያውቃሉ። የዋናው ኅትመት ቀለም ፈዘዝ ያለና በመነጽር ሲታይ እንደ አሸዋ ፍርፍር የሚል ነው። የዳግመኛው ግን ወደ ቢጫ ያደላል፤ ቀለሙ ወፈር ብሎ ትንሽ ያብረቀርቃል። የእኔን ፖስታ ወደ ብርሃኑ ዘንበል ሲያደርገው ብርቱካናማዋ ባለ 1 ገርሽ አዲስ እንደተወለወለ ጫማ አብረቀረቀች። ይህ ዳግመኛ ኅትመት በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚያወጣው ከሻይ ዋጋ ብዙም አይርቅም። የሚያናድደው ደግሞ ዋናውም ቢሆን ያን ያህል ብርቅ አለመሆኑ ነው። እውነተኛው ቢደርሰኝ ኖሮም ተበልቼ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የፖስታ ቤቱን ማኅተም ተመለከትን። ቴምብር በፖስታ ላይ ተለጥፎ ሲመታ የማኅተሙ ክብ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ያርፋል። በእኔው ላይ ክቡ ልክ ከቴምብሩ ጠርዝ ሲደርስ ተቆርጦ ይቀራል፤ ፖስታው ላይ አንዳች ጭረት የለም። ቴምብሮቹ ሌላ ቦታ ተመትተው ኋላ በሙጫ የመጡ እንግዶች ናቸው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ክብሬም የተመለሰው በዚህ ነው። ፖስታውን ስገለብጠው የአድራሻው ፊደላት በውስጥ በኩል ተቦርቡረው በጣት ይዳሰሳሉ። በቀለም የሚነከር ብዕር ወረቀት አይቦረቡርም። አድራሻው የተጻፈው ተጭነው በሚጽፉበት ባለ ኳስ እስክሪብቶ ነው። ይህን እስክሪብቶ ሀንጋሪያዊው ላዝሎ ቢሮ የፈጠራ መብት ያወጣበት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ንግሡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930። አያትየው ገና ስምንት ዓመት በሚቀረው እስክሪብቶ ጽፈዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ባልደረባዬ ይህን ተረት ሲናገር ወደ ወረቀቱም ወደ እኔም ተመለከተ።

ሽማግሌው (እስካሁን አንቱ እላቸዋለሁ፣ ልማድ ነው) የምኒልክ ቴምብርም እንዳላቸው ነግረውኛል። እዚያ ላይ የባሰ ተጠንቀቁ። የአገራችን የመጀመሪያ ቴምብሮች ፖስታ ቤት እንዲቋቋም በታወጀበት በ1886 ዓ.ም. ፓሪስ የታተሙ ናቸው፤ ቅርጹን ያወጣው ዩጂን ሙሾን ይባላል። ሰባት ናቸው፤ አራቱ የንጉሡን ፊት፣ ሦስቱ አንበሳውን ይዘዋል። በኋላ «ቦስታ»፣ «መልክት» የሚሉ ቃላት በእጅ ማኅተም ተመቱባቸው፤ ዋጋቸውም በዚያ ቃል የተነሣ ከፍ አለ። እንግዲህ አስቡት፦ ተራውን ቴምብር ገዝቶ አራት ፊደል ያለው ማኅተም ማስቀረጽ ምን ይከብዳል? በዚህ ዓይነት ሐሰተኛ ምት የዓለም ሰብሳቢዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲቃጠሉ ኖረዋል።

ወደ ውጭ አገር የተላከ የምኒልክ ዘመን ደብዳቤ ነው ቢሏችሁም ዓመቱን ጠይቁ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ከድንበር ማዶ ስለማይሠራ፣ ደብዳቤው በጅቡቲ በኩል ለመሻገር የፈረንሳዮቹን ቴምብር ይጨምርበት ነበር። የምኒልክን ብቻ ለጥፎ ፓሪስ ደረሰ የሚባል የዚያ ዘመን ፖስታ ስታዩ ቦርሳችሁን ዝጉ።

ቴምብር ለስጦታ የምትፈልጉ ከሆነ ፖስታ ቤት ለሰብሳቢዎች የሚሸጠው አለ፣ በደረሰኝ። ከግለሰብ የምትገዙ ከሆነ ግን ቴምብሩን በላስቲክ እንደተጠቀለለ አትቀበሉ፤ አስወጡት፣ ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጉት፣ ፖስታውን በውስጥ በኩል ዳስሱት። «በእጅ ከተነካ ይበላሻል» የሚል ሻጭ የሚፈራው ለወረቀቱ አይደለም።

ገንዘቤን ለማስመለስ ሦስት ጊዜ ወደ ሐይቁ ዳር ሄጄ አጣኋቸው። ባለፈው ቅዳሜ አገኘኋቸው፤ አላወቁኝም። ከዚያው ማኅደር ሌላ ፖስታ አወጡ፤ ያው ሰባት ቴምብር፣ አድራሻው ደግሞ በአረንጓዴ እስክሪብቶ። ዋጋውን ጠየቅኳቸው።

«ፊትዎ ደግ ስለሆነ ለእርስዎ 12 ሺህ ይሁን» አሉኝ።