የፒያሳው የፕረዘንት ፐርፌክት ሾርት ኖት፦ «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ» ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል

ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጥ፣ አዘጋጁ ያልተጻፈበት፣ ስለ ፕረዘንት ፐርፌክት (በእንግሊዝኛ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ከግስ ጋር የሚገባበት ጊዜ) የሚያስረዳ ባለ 12 ገጽ ሾርት ኖት ነው። የቃላት አቀማመጡ ላይ እንከን አይወጣለትም። «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ»፣ «ኤቨር» እና «ኔቨር» በ«ሃቭ» እና በግሱ መካከል ይገባሉ፤ «ዬት» መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ምሳሌዎቹም ጥርት ያሉ ናቸው።

ችግሩ ያለው «ፎር» እና «ሲንስ» ላይ ነው። «ፎር ለቆይታ፣ ሲንስ ለመነሻ» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ሕጉ ልክ ነው፤ ግን አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው ሕጉ ጠፍቶበት አይደለም። በእኛ ቋንቋ «ሁለት ሰዓት» ርዝመትም ነው፣ የሰዓት ቁጥርም ነው። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እየጠበቅሁህ ነው» ሲባል መነሻ ስለሆነ «አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ሲንስ ኤይት ኦክሎክ» ይሆናል፤ ስድስት ሰዓት መደመሩ እንዳይረሳ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ» ከሆነ ደግሞ «ፎር ቱ አወርስ» ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ነው ያ «ሲንስ ቱ አወርስ» የሚባለው ስሕተት የሚወለደው። ይህ አንድ ሙሉ ገጽ ይገባው ነበር።

«በፊት» የሚለውም ተዘሏል። «ከሦስት ዓመት በፊት መጣሁ» የሚለው ብዙ ጊዜ «ቢፎር ስሪ ይርስ» ይሆናል። ትክክሉ «አይ ኬም ስሪ ይርስ አጎ» ነው፤ «አጎ» ባለበት «ሃቭ» አይገባም። «ትናንት መጥቷል» በአማርኛ ምንም አይጎረብጥም፤ «ሂ ሃዝ ካም የስተርደይ» ግን ስሕተት ነው፤ ትናንት ያለቀ ቀን ነዋ። «ዚስ ሞርኒንግ» ደግሞ ከ«ሃቭ» ጋር የሚሄደው ረፋዱ ሳያልፍ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ከተነገረ ወደ ተራው ኃላፊ ጊዜ ይመለሳል።

ያለቀ ጊዜ «ሃቭ»ን እንደማይቀበል በጎንደር ምሳሌ ማስረዳቱ ያስመሰግነዋል፦ «ፋሲለደስ ፋውንድድ ጎንደር ኢን 1636»። ግን ከሥሩ «ፋሲል ግቢ ሃዝ ቢን ኤ ዎርልድ ሄሪቴጅ ሳይት ሲንስ 1972» ይላል። የመጀመሪያው ዓመት በፈረንጆች፣ ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። ለአስጎብኚነት የሚሰናዳ ሰው ይህን ይዞ እንግዳ ፊት ቢቆም ሰዋስዉ ልክ ሆኖ መረጃው ይሳሳታል። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆች አዲስ ዓመት እስኪገባ 7፣ ከገባ በኋላ 8 ይደመራል። ግቢው የተመዘገበው በጥቅምት ስለሆነ፣ የገዛችሁት ሰዎች 1972ን ሰርዛችሁ 1979 ጻፉበት።