የልጄን ጤፍ ከሁሉ አስቀድመው ለሚፈጩልኝ አባት

ለቱሉ ዲምቱና ለአካባቢው ነዋሪዎች፣ በተለይም ከቤታችሁ ስንዴና ገብስ በሐኪም የተከለከለ ሰው ላላችሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ወፍጮ ቤት ለመጠቆምና የወፍጮ ቤቱን አባት ለማመስገን ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ አደራ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንደዚያው ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷ ሲነፋና ተቅማጥ ሲመላለስባት ከረመ። ጃርዲያ ነው ተብሎ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ወሰደች፤ ደም ማነስ ነው ተብሎ የብረት ሽሮፕ ጠጣች። ምንም ጠብ አላለም። ታናሽ ወንድሟ በቁመት ሲደርስባት ግን እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ አንዲት የሕጻናት ሐኪም የደም ምርመራ አዘዙላት፤ ቀጥሎም በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ከትንሹ አንጀቷ ናሙና ተወሰደ። ሴሊያክ የሚባል ሕመም ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲገባባት፣ የሰውነቷ በሽታ የመከላከል ሥርዓት የገዛ አንጀቷን ያቆስላል፤ የበላችው ምግብም ወደ ሰውነቷ አይሰርግም። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ግሉተንን አለመቅመስ ብቻ ነው።

አያቷ በጣም ተቆጡ። «ስንዴ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚያሳምመው?» አሉ። ሐኪሟ የነገሩኝን ነገርኳቸው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ሆላንድ ውስጥ ረሃብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ፣ ይህ ሕመም የነበረባቸው ሕጻናት ተሻላቸው፤ ቪለም ዲክ የተባለው የሕጻናት ሐኪምም ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን በ1950 እ.ኤ.አ. በጥናቱ አሳየ። አያቷ ዝም ብለው አዳመጡኝና ለልጅ ልጃቸው ያስቀመጡትን በሶ ከመደርደሪያው አነሡት።

እኔ በበኩሌ ተጽናንቼ ነበር። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮና ቡላም የላቸውም። እንጀራ ለሚበላ ቤት ይህ ምን ይከብዳል አልኩ። ዳቦውን፣ ፓስታውን፣ ቅንጬውን፣ ብስኩቱንና የገብስ ቆሎውን ከቤት አስወጣሁ። አጃም ራሱ ከስንዴና ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ አጥሚቷን በሩዝ ቀየርኩ። ከስድስት ወር በኋላ ደሟ ሲመረመር ግን ሕመሙን የሚያሳየው የምርመራ ውጤት እምብዛም አልወረደም። ሐኪሟ «ከአንድ ቦታ እየገባባት ነው» አሉኝ።

ከየት? መጀመሪያ የገዛሁትን እንጀራ ጠረጠርኩ። ሙሉ ጤፍ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ የገብስ ዱቄት የተጨመረበት ሆኖ ተገኘ። ራሴ መጋገር ጀመርኩ። ከጎረቤት እርሾ መዋስ ትቼ የጤፉን ዱቄት በውኃ በጥብጬ ራሱ እስኪቦካ ጠበቅኩ። አምባሻ የተጋገረበትን ምጣድ፣ ማሰሻውንና ሰፌዱን ጭምር ለወጥኩ። ጤፉ ውስጥ የገባ ስንዴ እንዳይኖርም በወንፊት እነፋዋለሁ፤ ደግነቱ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ እሱ ሲወርድ ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል። (ምጣዱ ያቃጥለዋል፣ መቡካቱ ያጠፋዋል ለምትሉኝ፦ አያጠፋውም። ግሉተን በእሳት አይጠፋም፤ እንጀራ በሚቦካበት ጊዜም ተሟጦ አያልቅም።) ያን ሁሉ አድርጌም ልጄ ሆዷን እንደያዘች ነበር።

የቀረው ወፍጮው ነበር። በየሄድኩበት ወፍጮ ቤት «አደራ፣ ስንዴ እንዳይነካብኝ» እላለሁ፤ «ጠርገነዋል» ይሉኛል። የተጠረገው ግን ወለሉ ነው።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩትም ያንኑ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ነገሬን ስጀምር በእጃቸው ቆይ አሉኝና አጠፉት። «አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ ልጄ። ጩኸቱ ሳያቋርጠን ልስማሽ» አሉ። ስጨርስ መፍቻ አምጥተው የወፍጮውን ክዳን ፈቱት። ድንጋዩን ከከበበው ብረት ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ሲጎትቱት፣ ደርቆ የተጋገረ ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ። ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አቀረቡልኝ። «ይኸውልሽ የትናንት ስንዴ። ያንቺ ጤፍ ሲያልፍ የኖረው በዚህ ላይ ነው።»

ከግሉተን ነጻ ለሚባል ምግብ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የሚፈቅደው በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ቢበዛ 20 ሚሊ ግራም ግሉተን ነው። ያን ገደብ ለመሙላት ሩብ ግራም ገደማ የስንዴ ዱቄት ይበቃል። በጋሼ ጣት ላይ የነበረው ከዚያ ይበልጥ ነበር። ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸው ለምን እንደማለቅስ አልጠየቁኝም፤ ብሩሽ ሊፈልጉ ወደ ጓዳ ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌላው ወፍጮ ሳይነሣና የስንዴ ብናኝ አየሩን ሳይሞላው፣ የመጀመሪያው ተራ የእኛ ነው። ክዳኑን ይፈታሉ፤ ድንጋዩን፣ እህሉ የሚጨመርበትን አፍና ዱቄቱ የሚወርድበትን ጨርቅ በብሩሽ ያጸዳሉ። ጨርቁን ለእኛ ብቻ ሌላ አሰፍተዋል። ከዚያ ሦስት ኪሎ ቀይ ጤፍ አስቀድመው ይፈጫሉ። ይህ ድንጋዩን የሚያጥበው ነው። መልኩ ገርጥቶ ይጀምርና እየጠቆረ ይሄዳል፤ መልኩ አንድ ሲሆንም አይቸኩሉም፣ «ዓይን የማያየውም አለ» ብለው ሌላ ኪሎ ይጨምራሉ። ያን የመጀመሪያውን ዱቄት ሁሉን ለሚበሉት ጎረቤቶቼ እሰጣለሁ። የልጄ ጤፍ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀጥሎ በእጄ ፍሬ በፍሬ የለቀምኩት የሽሮ እህል ይፈጫል። ለዚህ ሁሉ የሚያስከፍሉኝ ማንም የሚከፍለውን የኪሎ ዋጋ ብቻ ነው። ልጨምር ብዬ ስዘረጋ ተቆጥተውኛል።

አንድ ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ረፋድ ላይ መጣ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። ጋሼ ከፊት የቆመውን የስንዴ ጆንያ ገፋ አድርገው «መጀመሪያ የሕመምተኛዋ» አሉ። አንድም ሰው አላጉረመረመም። እዚያ የቆማችሁትንም አመሰግናለሁ።

ወፍጮ ቤቱ ላቦራቶሪ የለውም፤ በመሣሪያ የተረጋገጠ ነው ብዬ ማንንም አላሳስትም። የእኔ ማስረጃ የልጄ ደም ነው። በአምስተኛው ወር ውጤቱ በግማሽ ወረደ፤ በዓመቱ ከገደቡ በታች ሆነ። አራት ኪሎ ጨምራለች። የትምህርት ቤት ቀሚሷን ጫፍ ሁለት ጊዜ ፈትቼ አስረዝሜዋለሁ።

ከቤት ውጭ ያለው አሁንም ከባድ ነው። ልቅሶ ቤት ንፍሮው ስንዴ አለበት፤ ቡና ላይ ቆሎው ይዞራል (ፈንዲሻ ሲኖር ደስታዋ ነው)። ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ያጎራርሳሉ፤ እሷ ግን ፍቅር የሆነውን ጉርሻ እንቢ ማለት አለባት። መምህሯን አነጋግሬ አሁን እሷ ታጎርሳለች እንጂ አትጎርስም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው «ታዲያ ጤፉን በደንብ መፍጨት አለብኝ፤ ክፍሉን ሁሉ ልትመግብ ነው» አሉ።

ልጃችሁ ተመሳሳይ ምልክት ካለው፣ ከምርመራው በፊት ስንዴ አታቋርጡበት። ግሉተን ካቆመ በኋላ ምርመራው ሕመሙን ሊስተው ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ወፍጮ ቤቱን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እስከ በሩ አደርሳችኋለሁ። ጋሼ እስከ አራት ቤተሰብ ድረስ በአንድ ማለዳ እንደሚችሉ ነግረውኛል። እስካሁን ሁለት ነን። ረቡዕ ማታ ቀድማችሁ አሳውቋቸው፤ ጤፋችሁን ነፍታችሁ ኑ፤ ለማጠቢያ የሚሆነውን ሦስት አራት ኪሎም ተጋርተን እናመጣለን። ማዳበሪያችሁ ደግሞ አዲስ ይሁን። የፉርኖ ዱቄት የነበረበት ከሆነ ጋሼ በሩ ላይ ይመልሷችኋል፤ እኔንም አንድ ጊዜ መልሰውኛል።